የራዚያ አውራ ጣት

የጥንት እስራኤላውያን እህላቸውን የት ነበር የሚያስቀምጡት? እስቲ መልሱ! ዘራችሁን ከእነሱ የምትመዙ፣ ስማቸውን ለልጆቻችሁ የምታወጡ፣ ስለ ዙፋናቸውና ስለ ወርቃቸው አውርታችሁ የማትጠግቡ ሰዎች፣ አንድ ቀን እንኳ ስለ ጎተራቸው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ውጫሌ ላይ፣ ሰው ጢም ብሎ በሞላበት አዳራሽ ይህ ጥያቄ ሲነሣ መልሱን የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እሷም የተጠራችው እንድታስተምር አልነበረም። ቅርስ ቆፍራ የሸሸገች ሌባ ተብላ ነው።

ረቢያ ትባላለች። ከውጫሌ በእግር ሁለት ሰዓት ከምታስኬደው፣ አምባሰል ተራራ ሥር ከተቀመጠችው ዋርካ አፋፍ መንደር ናት። ክሱ የደረሳት ማሽላ ስትኮተኩት ነበር። ደብዳቤው ባለ ማኅተም ነው። «ሦስት ጥንታዊ የእስራኤላውያን ማድጋዎችን ያለ ፈቃድ ቆፍረው በማውጣትና በመሸሸግ» ይላል። ቆማ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። ከዚያ እዚያው ትልሙ ላይ ቁጭ ብላ ጎኗን እስኪያማት ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ደብዳቤውን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። እስሩ ብቻ አልነበረም ያስፈራት። አንድ ሰው በአገሩ ሰው ፊት አንዴ ሌባ ከተባለ፣ ከእስር ቢወጣም ከስሙ አይወጣም።

ማድጋ የተባሉትን ጋኖች ደግሞ ታውቃቸዋለች። የሠራቻቸውንም ሴት ታውቃለች። የቀበረቻቸውም ራሷ ረቢያ ናት።

የአገሯ ልጆች ሳውዲና ዱባይ ሲዘልቁ የረቢያ ዕጣ ዮርዳኖስ ሆኖ ነበር። ስድስት ዓመት የሠራችው ኢቲሳም የምትባል አሮጊት ምሁር ቤት ነው። በዚያ አገር ወግ እመቤትን «ሲት» ይላሉና ረቢያም «ሲት ኢቲሳም» ትላት ነበር። ሲት ኢቲሳም ዕድሜዋን የጨረሰችው መሬት በመቆፈር ነው። በየበጋው ተማሪዎቿን አስከትላ ከዮርዳኖስ ወንዝ በስተምሥራቅ ያለ አንድ ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ድንኳን ትተክላለች፤ ረቢያን ደግሞ ለወጥ ቤት ትወስዳታለች። ረቢያ ድስቷን ጥዳ ስትጨርስ ሥራ ፈታ መቀመጥ አትወድም። የሸክላ ስባሪ በጥርስ ብሩሽ ማጠብ ጀመረች። በሁለተኛው ዓመት ስባሪውን አይታ የአንገት ነው፣ የሆድ ነው፣ የጆሮ ነው ትል ነበር። በአራተኛው ዓመት ተማሪዎቹ ሲጣሉ የሚዳኙት እሷ ዘንድ ነው።

በዚያ ኮረብታ ላይ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ የቆየች አንዲት ትንሽ መንደር ተቀብራ ነበር። ሃያ የማይሞሉ ቤቶች። ቤተ መንግሥት የለ፣ ግንብ የለ፣ ወርቅ የለ። ቤቱ በድንጋይ ምሰሶ ተከፍሎ ከብቱ በአንድ ወገን፣ ሰው በሌላው ያድራል። ከመንደሩ በታች ቁልቁለቱ በእርከን ተሠርቷል። ረቢያ መጀመሪያ ቀን ያንን እርከን አይታ ቆማ ቀረች። የአምባሰልን ቁልቁለት ነበር የምታየው።

«እነማን ናቸው የሠሩት?» ብላ ጠየቀች።

«ምናልባት የእስራኤል ወገን። ምናልባት ጎረቤቶቻቸው» አለች ሲት ኢቲሳም። «ሸክላ ስሙን አይናገርም፣ ረቢያ። እናውቃለን የሚል ይዋሻል።»

«በኒ ኢስራኢል? እነ ነቢዩላህ ሙሳ? ድንኳናቸውና ቤተ መንግሥታቸው ነው እኮ የሚወራው!»

ሲት ኢቲሳም ሳቀችና ነገረቻት። በዚያ ዘመን የቆላው ትልልቅ ከተሞች ሲፈራርሱ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ደጋ በአንድ ጊዜ በትንንሽ መንደሮች ተሞላ፤ ከሁለት መቶ የሚበልጡ። ሰዎቹ ከየት መጡ የሚለውን ምሁራን እስከ ዛሬ ይጣሉበታል። ከበረሃ መጥተው ከብታቸውን አስረው ያረሱ ናቸው የሚል አለ፤ ከቆላው ጌቶች ጭቆና ሸሽተው ተራራ የወጡ ገበሬዎች ናቸው የሚልም አለ፤ ሁለቱም ነው የሚልም አለ። አኗኗራቸው ግን ይታወቃል። ድንጋይ ለቅመው እርከን ሠሩ። ዓለት ፈልፍለው የዝናብ ውኃ አጠራቀሙ። የባሕር ጠረፍ ከተሞች ቆሻሻ ጉድጓድ በአሳማ አጥንት ሲሞላ በእነሱ መንደር አጥንቱ የለም ማለት ይቻላል። ሸክላቸው ቀለም የሌለው፣ ወፍራም፣ የደሃ ሸክላ ነው። ንጉሥ ገና አልነበራቸውም።

«የግብፅ ንጉሥ ግን ያውቃቸው ነበር» አለች ሲት ኢቲሳም። «ስማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጥርጥር ተጽፎ የተገኘው እሱ ባስቀረጸው ድንጋይ ላይ ነው። ምን ብሎ ይመስልሻል? ጠፍተዋል፤ ዘራቸውም የለም ብሎ።»

«ታዲያ ንጉሡ የት አለ?» አለች ረቢያ።

«ሙዚየም ውስጥ፤ ደርቆ።»

ሁለቱም ሳቁ። ረቢያ ግን ያን ቀን ልቧ ተነካ። ኃያሉ ንጉሥ አለቀላቸው ብሎ የቀበራቸው ሰዎች፣ ከእርከናቸውና ከሸክላቸው ተነሥተው ዓለም እስከ ዛሬ የሚሰግድበትን ቃል ተሸክመው ዘለቁ። ይህን ያህል ታላቅ ነገር ይህን ከመሰለ የድሃ ቤት ይወጣል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ከዚያ ወዲያ ስባሪያቸውን ስታጥብ እንደ ዘመድ ዕቃ ነበር የምትይዘው።

አንድ ቀን ተማሪዎቹ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ የሆነ ጉድጓድ አገኙ። ግድግዳው በእሳት ጠቁሯል። አንዱ ተማሪ «ምድጃ ነው» ብሎ መዝገቡ ላይ ሊጽፍ ሲል ረቢያ የሻይ ብርጭቆ እንደያዘች ሳቋ አመለጣት።

«ምን ያስቅሻል?» አለች ሲት ኢቲሳም።

«እዚህ ውስጥ ምን ሊጋገር ነው? ግመል? ይኼ የአያቴ የእህል ጉድጓድ ነው! ግድግዳውን በገለባ እሳት የሚያቃጥሉት እርጥበቱ እንዲሸሽ፣ ነቀዝ እንዳይገባ ነው። ከዚያ ማሽላ ይሞሉበታል፤ አፉን በድንጋይና በጭቃ ይደፍኑታል። ላዩ ላይ ከብት ቢያድርበት ማንም አያውቀውም።»

ሲት ኢቲሳም መዝገቡን ከተማሪው ተቀብላ በራሷ እጅ ጻፈችበት፦ «የእህል ጉድጓድ። ያወቀችው ረቢያ፣ ከአምባሰል።» ከዚያ እርሳሷን ጥርሷ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አሰበች።

«እሺ፣ ጉድጓዱ ይህ ነው። ግን እዪው፣ ከጉድጓዱ አጠገብ እዚያው ቤት ውስጥ ትልቅ ማድጋ እስከ አንገቱ ተቀብሯል። ጉድጓድ ያለው ሰው ማድጋ ለምን ያስፈልገዋል? አንቺ አገር ምን ይሉታል?»

ረቢያ ማድጋውን አየችው። ከወገብ በላይ የሚደርስ፣ አንገቱ ላይ እንደ ቀለበት የዞረ ወፍራም ከንፈር ያለው፣ ጆሮው ሥር የሠሪው አውራ ጣት የተጫነበት። «እኛ ጋ እንዲህ ያለው ጋን የቀሪቦ ነው፤ የሠርግ መጠጥ» አለች። «ይኼንን ግን አላውቀውም።»

የማድጋውን ምሥጢር ሳታውቅ አገሯ ገባች።

የገባችው በ2011 ነው። ለውጥ መጣ ተብሎ በየአዳራሹ ስብሰባ፣ በየስብሰባው ጭብጨባ የነበረበት ጊዜ። ውጫሌ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ባድሩ ነው። ባድሩ አስተማሪ ነበር፤ አንደበቱ ቅቤ የጠጣ፣ ሱሪው ሁልጊዜ የተተኮሰ። አሁን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኃላፊ ሆኗል። እውነቱ ይነገር፤ ሰነፍ አልነበረም። አስፋልቱ ዳር የቆርቆሮ መጋዘን አሠራ። ገበሬው እህሉን ከጉድጓድ አውጥቶ እዚያ እንዲያስገባ በየቀበሌው እየዞረ ሰበከ። ዋርካ አፋፍም መጣ።

«ጉድጓድ የኋላ ቀር ነው!» አለ። «ዘመኑ የመደመር፣ የመጋዘን ነው!»

ረቢያ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። «አቶ ባድሩ፣ መጋዘኑ መልካም ነው። ግን መጋዘን ለሁሉም ይታያል፤ ጉድጓድ አይታይም። ሁሉንም አንድ ቦታ አታድርጉት። እኔ በሠራሁበት አገር የሦስት ሺህ ዓመት...»

«ምን ነበር የምትሠሪው?» አላት ባድሩ እየሳቀ።

«የሰው ቤት።»

«ያ ጀመዓ! የሰው ወለል ስትወለውል ታሪክ ተምራ መጣች!» አለ። ሰው ሳቀ። የራሷ ጎረቤቶች ሳይቀሩ ሳቁ። ረቢያ ተቀመጠች። ያን ሳቅ ግን አልረሳችውም፤ ማንም ሰው አይረሳም።

ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ከወልዲያ ወዲህ ሲወርድ የመድፉ ድምፅ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ይሰማ ጀመር። ገሚሱ ሰው ልጆቹን ይዞ ወደ ደሴ አቀና። የቀረው የቀረው ማሽላው ቆሞ ስላለ ነው። ረቢያ የመንደሩን ሽማግሌ አያ ኑርዬን ፍለጋ ሄደች፤ የድሮዎቹ ጉድጓዶች የት የት እንዳሉ በልባቸው የያዙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። አያ ኑርዬ በበትራቸው መሬቱን እየመቱ «እዚህ... እዚህ... ከዚህ ግራር ሥር» እያሉ አሥራ አንድ አሳዩዋት። ሰዉ ጠርጎ፣ በገለባ አቃጥሎ፣ ካለፈው ዓመት የተረፈውን እህል ሞላባቸው። ረቢያ ደግሞ ከቆመው ማሳ የደረሱትን ምርጥ ምርጥ ራሶች አስቆርጣ «ዘሩንም እዚሁ እንጨምረው» አለች።

አያ ኑርዬ በበትራቸው እጇን ገፋ አደረጉት።

«እቱ፣ ዐረብ አገር አዞረብሽ እንዴ? የጉድጓድ እህል ያበላል እንጂ አይበቅልም! የመሬቱ እርጥበትና ሙቀት ነው የሚገድለው። ዘር ከምድጃ በላይ ነው የሚሰቀል፤ ጭስ ላይ።»

«ቤቱ ቢቃጠልስ አያ?»

ሽማግሌው በትራቸውን ከእጇ ላይ አነሡ። ጅጉርቲ የሚባለው የመንደሩ ማሽላ ከአባት ከአያት የተያዘ ዘር ነው፤ ገበያ ሄዶ የሚተካ አይደለም። እሱ ከጠፋ ዋርካ አፋፍ በከርሞው የምትዘራው የላትም።

ረቢያ እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ እንደቆመች አንድ ነገር ብልጭ አለላት። ያ ማድጋ! እስከ አንገቱ የተቀበረው፣ ከጉድጓዱ አጠገብ! ሲት ኢቲሳም ዓመት ሙሉ የጠየቀችው፣ እሷም መልስ ያጣችለት!

«ጉድጓዱ ለሆድ፣ ማድጋው ለከርሞ!» ብላ ጮኸች።

«ምን አልሽ?»

«ምንም አያ። እነዚያ ሰዎች... እነሱም ወራሪ ነበረባቸው።»

ሮጣ የሄደችው እትዬ ራዚያ ዘንድ ነው። ራዚያ በዚያ አካባቢ ስሟ የታወቀ ሸክላ ሠሪ ናት። በልጅነቷ የቀኝ አውራ ጣቷን ማጭድ ሰንጥቆት ጫፉ እንደ ፍየል ሰኮና ለሁለት ተከፍሎ ነው የዳነው። የሠራችው ጋን ሁሉ ጆሮው ሥር ያ የተሰነጠቀ ጣት ተጭኖበታል። ለአንድ ሠርግ ቀሪቦ የታዘዙ ዘጠኝ ጋኖች ግቢዋ ውስጥ ተደርድረው ነበር። ሠርጉ በጦርነቱ ቀርቷል።

«ውሰጃቸው» አለች ራዚያ። «ሙሽራው መቼ እንደሚመለስ አላህ ነው የሚያውቅ።»

ዘሩን አደረቁ፤ በአመድ አሹት፤ ጋኖቹን ሞሉ። አፋቸውን በማዳበሪያ ከረጢት አስረው፣ ድንጋይ ከድነው፣ በጭቃና በእበት ለሰኑት። በዘጠኝ ቤቶች፣ ከብት በሚያድርበት ወገን፣ እስከ አንገታቸው ቀበሯቸው። ሦስት ቀን ፈጀባቸው። በአራተኛው ቀን ታጣቂ መጣ።

የባድሩ መጋዘን በሁለት ቀን ባዶ ሆነ። ስንት እጅ እንደገባበት ብዙ ይወራል፤ የቀረው ግን ቆርቆሮው ብቻ ነው። ዋርካ አፋፍ ላይ ታጣቂዎቹ ቤት ለቤት ዞሩ፤ ከምድጃ በላይ የተሰቀለውን ማሽላ ሁሉ አውርደው ለበቅሎና ለራሳቸው አደረጉት። የቆመው ማሳ ተበላ፣ ተረገጠ። ሦስት ቤቶች ተቃጠሉ። ከወር በላይ ከርመው፣ በኅዳር መጨረሻ ሲወጡ መንደሯ አመድ አመድ ትሸት ነበር።

ያኔ ጉድጓዶቹ ተከፈቱ። አያ ኑርዬ የታመቀው አየር ሰው ይገድላል ብለው አፉ ተከፍቶ እስኪናፈስ ከጧት እስከ ዙህር ማንንም አላስጠጉም፤ ፋኖስ በገመድ አውርደው መብራቱ ሳይጠፋ ሲያዩ ነው ሰው የገባ። እህሉ ሸተት ይላል፤ ግን ይበላል። በዚያ በጋ ዋርካ አፋፍ ላይ በረኃብ የሞተ የለም፤ አልሐምዱሊላህ።

ሚያዝያ ሲገባ ረቢያ ከአንደኛው ጋን አንድ ጭብጥ አውጥታ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለች። አራት ቀን ጨርቁን እያረጠበች ጠበቀች። በአምስተኛው ቀን ስትፈታው ጨርቁ ነጭ ነጭ ጥርስ አውጥቷል። ሮጣ ለአያ ኑርዬ አሳየቻቸው። ሽማግሌው ፍሬውን መዳፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። «ዘራቸው የለም ተብለው ነበር አልሽኝ አይደል፣ እነዚያ ሰዎች?» አሏት። ከዘጠኙ ጋን ዘሩ ለመንደሩ ተርፎ ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ድረስ ሰዎች መጥተው ተሻምተው ወሰዱት። ረቢያም ኔትወርክ ሲመለስ ለሲት ኢቲሳም በድምፅ ላከችላት፦ «ጉድጓዱ ለሆድ፣ ማድጋው ለከርሞ።» መልሱ ወዲያው መጣ። አሮጊቷ እያለቀሰች ነበር። «አሳምሮ ይገጥማል። እርግጠኛ ለመሆን ግን ማድጋዎቹን ሁሉ እንደገና መመርመር አለብን። እጽፈዋለሁ፤ በስምሽ» ትላለች።

እንግዲህ ከተቃጠሉት ሦስት ቤቶች ሥር የነበሩት ጋኖች ዘራቸው ከወጣ በኋላ ባዶአቸውን እዚያው ቀሩ። የጋየው ጣሪያ ወድቆባቸው ጠቁረው ነበር። ሰኔ ላይ የጉዳት መጠን ሊያጠኑ ሰዎች መጡ፤ ባድሩም አብሮ። መጋዘኑ ከጠፋ ወዲህ የሚያሳየው ሥራ አጥቶ ፊቱ ጠውልጎ ነበር። የተቃጠለ ወለል ውስጥ የጠቆረ የጋን አንገት ብቅ ብሎ ሲያይ ግን ዓይኑ በራ። ሦስቱንም አስቆፍሮ ጫናቸው። በሳምንቱ ፎቷቸው በፌስቡክ ወጣ፦ «በአምባሰል የሦስት ሺህ ዓመት የእስራኤላውያን ማድጋ ተገኘ!»

ረቢያ ሀይቅ ገበያ ላይ በሰው ስልክ አየችው። ውጫሌ ድረስ ሄዳ ለብቻው ነገረችው፤ እንዳታሳፍረው ብላ። «አቶ ባድሩ፣ እነዚህ የእትዬ ራዚያ ናቸው። እኔ ነኝ የቀበርኳቸው።» ባድሩ ግን ቀድሞ ለበላዮቹ ሪፖርት ልኮ ነበር። ሰው እንዲህ ነው፤ ውሸቱን ከላከ በኋላ እውነቱ ሲመጣለት ይቆጣል። «ቀበርኳቸው? ስለዚህ ቅርስ መሆናቸውን እያወቅሽ ሸሸግሽ!» አላት። ደብዳቤው የመጣው ከዚያ ነው።

አዳራሹ ፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ ሦስቱ ጋኖች ነጭ ጨርቅ ተነጥፎላቸው እንደ ሙሽራ ቆመዋል። ነገሩን እንዲያዩ ሁለት ሽማግሌዎች ተሰይመዋል፤ ሼህ ሙሐመድሁሴን ከውጫሌ፣ የቅኔ መምህሩ መምሬ ክንፈ ከሀይቅ እስጢፋኖስ። ባድሩ ተነሥቶ ቱሪስት ሊጎርፍልን ነው እያለ ግማሽ ሰዓት ተናገረ። የአንገቱን ከንፈር አሳየ፤ ስልኩ ላይ ካገኘው የቁፋሮ ሥዕል ጋር አመሳሰለው። መመሳሰሉስ እውነት ነው፤ ይመሳሰላል። ሰው አጨበጨበለት።

መምሬ ክንፈ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። «አቶ ባድሩ፣ በዚህ ማድጋ ምን ነበር የሚያስቀምጡበት?»

«የተቀደሰ ዘይት አባቴ!»

«እህላቸውንስ?»

ባድሩ ወደ ስልኩ አጎነበሰ። «በ... በንጉሡ ግምጃ ቤት።»

«ንጉሥ ገና የላቸውም ነበር!» አለች ረቢያ ከኋላ። አዳራሹ ወደ እሷ ዞረ። «ይህ ዓይነት ማድጋ ሲጀመር ቤተ መንግሥት የላቸውም፤ ግምጃ ቤት የላቸውም። እህላቸውን መሬት ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚደብቁት፤ እንደኛ። ማንም አይጠብቅላቸውማ።»

መምሬ ክንፈ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቷን ነው። ንጉሥ ባልነበረበት ዘመን አንድ ገበሬ ወራሪ እንዳያይበት ስንዴውን ወይን መርገጫ ውስጥ ተደብቆ ይወቃ ነበር ተብሎ ተጽፏል። በይ ልጄ፣ ቀጥይ።»

«እትዬ ራዚያ፣ ይምጡ» አለች ረቢያ።

ራዚያ ነጠላዋን እየሳበች ወጣች። አንድም ቃል አልተናገረችም። አውራ ጣቷን አንሥታ ለሰው አሳየች፤ ያቺ ለሁለት የተሰነጠቀች ጣት። ከዚያ በመጀመሪያው ጋን ጆሮ ሥር ባለው ስርጉድ ውስጥ አስገባቻት። ልክ ገጠመች፤ ስንጥቁ በስንጥቁ ላይ። ሁለተኛው። ሦስተኛው።

«ሱብሃነላህ!» አሉ ሼህ ሙሐመድሁሴን።

ባድሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚወድቅ ሰው አይደለም። «ይኸው! ይኼ ራሱ ማስረጃ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ጥበቡ ከጥንት እስራኤላውያን ሲወርድ ሲዋረድ እትዬ ራዚያ ዘንድ ደርሷል ማለት ነው!»

«ጣቴን የሰነጠቀኝ ማጭድም ከእስራኤል ነው የመጣ?» አለች ራዚያ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያን የዱሮውን ሳቅ የሳቁት ሰዎች ነበሩ የሳቁት፤ አሁን ግን ፊታቸው ወደ ሌላ ሰው ዞሯል።

ረቢያ አልሳቀችም። አንዱን ጋን አቅፋ ነጩ ጨርቅ ላይ ደፋችው። አመድ ወረደ። ከአመዱ ጋር ሰባት ስምንት ፍሬ ማሽላ፣ በመጨረሻም የቀለጠ የማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ፤ ላዩ ላይ የተጻፈው «ኪሎ» የሚል ቃል ገና ይነበባል።

«እኔን ያስተማረችኝ ሴት አንድ ሕግ አላት» አለች። «የተደፈነ ማድጋ ዕድሜው የሚታወቀው በውስጡ ካለው ነገር ሁሉ በሕፃኑ ነው ትላለች። ሕፃኑ ይኸውላችሁ፤ ከረጢቱ። ፈርዖን ማዳበሪያ ነበረው እንዴ?»

ባድሩ ወረቀቱን ሰበሰበ። ላቡ አንገትጌው ላይ ወርዷል። «ጉዳዩ... ጉዳዩ በባለሙያ ይጣራል። ውጤቱን ለወይዘሮ ረቢያ በጽሑፍ፣ በግል እናሳውቃለን» አለና ወደ በሩ አመራ።

ረቢያ መንገዱ ላይ ቆመች።

«በግል? በግል አይሆንም አቶ ባድሩ! እኔ በግል መጥቼ ነግሬህ ነበር። አንተ ስሜን በአገር ፊት ነው ያነሣኸው፤ ፎቶውን በአገር ፊት ነው የለጠፍከው። እኔ ብወድቅ ግድ የለም፤ እነዚያን ሰዎች ግን ለምን ዋሸህባቸው? የነሱ ክብር የማያልቅ ክብር ነው፤ ያንተ ውሸት አያስፈልገውም። እርከን ሠርተው፣ ዘራቸውን ቀብረው፣ ጠፉ ሲባሉ የበቀሉ ሰዎች ናቸው። እኛንም ያዳነን የነሱ ብልሃት ነው፤ ይህን ብትናገር ኖሮ ቱሪስቱም ይመጣልህ ነበር! አሁን ያ የምትለጥፍበት ስልክህ ኪስህ ውስጥ ነው፤ አውጣውና ስትመልስ ቅረጽበት፤ እሱንም ለጥፈው። ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች እያዩ፣ ለሦስት ነገር መልስ፦ ጋኑ የማን ነው? ሌባዋስ ማን ናት? ዋርካ አፋፍ ዘንድሮ የዘራችው ዘር ከየት ነው የወጣው? መልስ እንጂ! እዚሁ፣ አሁን፣ በአገር ፊት መልስ!»